የማያርም ጸሐፊ፦ አንድ ክኒን፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ውጤት

ለምን ጻፍኩት

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ጤና ጣቢያ የኤ አር ቲ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት) ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ያጋጠመኝ ጉዳይ ነው። እንድጽፈው ያነሳሳኝ አንድ ቃል ነው፤ «መላመድ» የሚለው።

ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላመደ እንላለን። በምክር ክፍልም፣ በሬዲዮም፣ በሥልጠናም የምንለው ይህንኑ ነው። ቃሉ ግን ታካሚው ጆሮ ሲደርስ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ሰው ብርድ ይለምዳል። በሬ ቀንበር ይለምዳል። ታካሚውም «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ብሎ ይረዳዋል። የለመደ ሰውነት ደግሞ ጥቂት ቀን ቢያርፍ መድኃኒቱ እንደገና ይሠራለታል ብሎ ያስባል። ይህ ሐሳብ የአንድን ሰው ሕይወት ሊያሳጣ ደርሶ ነበር።

ባልየውም ሚስትየዋም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውንና ቀበሌያቸውን አልጠቅስም። ማንነታቸውን ሊያሳብቅ የሚችል ነገርም ትቻለሁ።

ባልና ሚስቱ

ባልየው ያኔ አርባዎቹን ጀምሯል። መሬቱ ጠባብ ናት፤ ጤፍና ድንች ያበቅልባታል። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ቅኔ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ አንድ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጦ ብራና መፋቅና መጻፍ ተማረ። ትዳር ሲይዝ ሁሉንም ተወው። ይህ የትምህርት ታሪኩ በካርዱ ላይ አልተጻፈም ነበር። በኋላ ግን ከካርዱ ሁሉ የበለጠ የጠቀመን እሱ ነው።

ሁለቱም በ2006 ዓ.ም. መድኃኒት ጀመሩ። ክኒኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ኤፋቪሬንዝ በአንድ ላይ የተጨመቁበት፣ ማታ ማታ የሚዋጥ። ቀጠሯቸውም አንድ ቀን ነበር። አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይሄዳሉ።

በጥር 2010 ዓ.ም. የሁለቱም ደም ለቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ላለው የቫይረስ መጠን ምርመራ ተላከ። የሚስትየዋ ውጤት «አልታየም» ሆኖ መጣ። የባልየው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ40 ሺ ቅጂ በላይ ነበር። መድኃኒቱ እየሠራ አይደለም ብለን የምንጠረጥርበት መስመር ያኔ 1,000 ነበር።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ብዙ ቆየሁ። አንድ ቤት፣ አንድ ማድ፣ አንድ ክኒን። ናሙና ተቀያይሮ ይሆን ብዬ ላቦራቶሪውን ጠየቅኩ። አልተቀያየረም።

ችግሩ የት ነበር

ክኒን ስንቆጥር ልክ ነበር። ሁልጊዜ ልክ ነበር። ይህ ራሱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። ሰው አንዳንዴ ይረሳል፤ አንድ ሁለት ክኒን ይተርፋል። የእሱ ብልቃጥ ግን አንድም ተርፎበት አያውቅም።

ያኔ ከ1,000 በላይ የሆነ ሰው ለሦስት ወር ጠንከር ያለ ምክር ይሰጠውና እንደገና ይለካ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን በከንቱ አሳለፍኩት። «ጋሼ፣ በደንብ ይውሰዱ፤ አለበለዚያ ቫይረሱ ይላመደዋል» አልኩት። «እሺ ሲስተር» አለ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ደፍቶ ወጣ። ያደረግኩት ተግሣጽ እንጂ ምክር አልነበረም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ጥያቄዬን ቀየርኩ። ይወስዳሉ ወይ ማለቱን ትቼ «ክኒኑን የት ነው የሚያስቀምጡት?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «የቱ ቦታ? እዚህ ነው መተማ?» አለኝ።

ነገሩ ሁሉ ከዚህች ጥያቄ ወጣ። በዓመት ሁለት ጊዜ ለቀን ሥራ መተማ ይወርዳል። አንዴ በሐምሌ ለሰሊጥ አረም፣ አንዴ በጥቅምት ለአጨዳ። እዚያ ብዙ ሰው አንድ ዳስ ውስጥ ተደርድሮ ያድራል። ብልቃጡ ሲነካ ክሽክሽ ይላል። በጨለማ፣ ሁሉም ጸጥ ባለበት፣ ያ ድምፅ ለእሱ እንደ ደወል ነበር። ኤፋቪሬንዝ ደግሞ ቅዠት ያመጣል። በእንቅልፉ ሲያወራ አብረውት የተኙት ሳቁበት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ውጦ ሁለት ቀን መተው ጀመረ። ሲመለስ የተረፈውን ቆጥሮ ጓሮ ይቀብረዋል፤ እኛ እንዳናዝንበት።

«ደግሞ ማረፉም ይጠቅመኛል ብዬ ነው፤ ሰውነቴ ለምዶት ከሆነ» አለ። ቃሉን የሰጠሁት እኔው ነበርኩ።

ጸሐፊው

ብራና መጻፍ መማሩን የነገረኝ በዚያው ቀን ነው። ክኒኑን የሚደብቀው በድሮው የመጽሐፍ ማኅደሩ ውስጥ ነበርና ስለ ማኅደሩ ጠየቅኩት። ስለዚህ ከእሱ ሙያ ጀመርኩ።

ቫይረሱ ራሱን ችሎ መራባት አይችልም። ይዞት የሚመጣው 9,700 ያህል ፊደል ያለው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የተጻፈው በአር ኤን ኤ ነው። የእኛ ሕዋስ መዝገብ ግን በዲ ኤን ኤ የተጻፈ ነው። ሁለቱም የዘር መረጃ የሚጻፍባቸው ሞለኪውሎች ናቸው። ቫይረሱ እዚያ መዝገብ ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ ዲ ኤን ኤ ማዛወር አለበት። ይህን የሚሠራለት አብሮት የሚመጣ ኢንዛይም (አንድን ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን) ነው፤ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ይባላል። እኔ «ገልባጩ» እለዋለሁ። መገልበጥ በእኛ ቋንቋ መቅዳትም ወደ ኋላ ማዞርም ነው፤ ኢንዛይሙም ሁለቱንም ያደርጋል። መቅዳቱ ግልጽ ነው። ማዞሩ ደግሞ ይህ ነው፦ በሕዋሳችን ውስጥ ጽሑፍ በተለምዶ ከዲ ኤን ኤ ወደ አር ኤን ኤ ይሄዳል፤ እሱ ግን ከአር ኤን ኤ ወደ ዲ ኤን ኤ ይመልሰዋል። ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በ1970 እ.ኤ.አ. ለየብቻ ይህን ኢንዛይም ሲያገኙ ብዙ ሳይንቲስት ደንግጧል። በ1975 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል።

«አንድ ጸሐፊ መጽሐፍ ገልብጦ ሲጨርስ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ያርማላ! ከእናቱ፣ ከተቀዳበት መጽሐፍ ጋር ያስተያያል። የገደፈውን በቢላ ፍቆ ያቀናል።»

«ይኼኛው አያርምም» አልኩት።

የእኛ ሕዋስ ዲ ኤን ኤ ሲቀዳ የተሳሳተውን ፊደል ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቆርጥ ክፍል አለው። የኤች አይ ቪ ገልባጭ ይህ ክፍል የለውም። ከ10 ሺ እስከ 100 ሺ ፊደል በቀዳ ቁጥር አንድ ቦታ ይገድፋል። መጽሐፉ 9,700 ፊደል ነው። ስለዚህ ጥቂት ቅጂ በተሠራ ቁጥር አንዱ ግድፈት አለበት ማለት ነው። መድኃኒት በማይወስድ ሰው ውስጥ ደግሞ በቀን 10 ቢሊዮን ያህል ቫይረስ ይሠራል። ሊሳሳት የሚችል አንድ ነጠላ ፊደል ሁሉ፣ በየቀኑ፣ የሆነ ቦታ ይሳሳታል።

አብዛኛው ግድፈት ቫይረሱን ራሱን ይጎዳዋል። አንዳንዱ ግን አይጎዳውም። እዚህ ላይ ሰውዬው ቀደመኝ። «ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ነው። በእሳቱ ሰ ከጻፍከው ሌባ ይሆናል» አለ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በየትም ሥልጠና አላገኘሁም።

እውነተኛው ግድፈትም የአንድ ፊደል ነው። በኢንዛይሙ 184ኛ ቦታ ላይ «ኤ ዩ ጂ» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል «ጂ ዩ ጂ» ይሆናል። ኢንዛይሙ ከሚገነባባቸው ቁራጮች (አሚኖ አሲዶች) ሜታዮኒን በሚባለው ፋንታ ቫሊን የሚባለው ይቀመጣል። ቦታው የኢንዛይሙ እጅ ብዕር የሚይዝበት ነው ማለት ይቻላል። ላሚቩዲን የሚሠራው ፊደል መስሎ እዚያ በመግባት ነው፤ ግን ቀጣዩ ፊደል የሚያያዝበት መያዣ ስለሌለው ጽሑፉ እዚያው ላይ ይቆማል። በአንድ በኩል ብቻ እንደተበሳ ዶቃ ነው። ቫሊን ሲገባ ግን ለላሚቩዲን ቦታ ይጠበዋል። ኢንዛይሙ የውሸቱን ፊደል ትቶ እውነተኛውን እየለየ መጻፉን ይቀጥላል። ለኤፋቪሬንዝ ደግሞ 103ኛው ቦታ ላይ «ኤ ኤ ኤ» የነበረው «ኤ ኤ ሲ» ቢሆን ይበቃል።

አሁን «መላመድ» የሚለው ቃል ለምን እንደሚያሳስት ይታያል። ቫይረሱ መድኃኒቱን አይቶ፣ ቀምሶ፣ ታግሦ አልለመደም። ግድፈቱ በአጋጣሚ የሚመጣ ነው። መድኃኒቱ የሚያደርገው መምረጥ ነው። ክኒኑ በየቀኑ ሲዋጥ ገልባጩ ይቆማል፤ የማይጽፍ ጸሐፊ አይገድፍም። ሚስትየዋ ዘንድ የሆነው ይህ ነው። ክኒኑ ጨርሶ ከቀረ ጽሑፉ ይቀጥላል፤ ግን የ184ቱ ግድፈት ያለበት ቫይረስ ደከም ያለ ስለሆነ በጤነኛው ይሸነፋል። ሰው ይታመማል እንጂ ያ ግድፈት ገበያውን አይዝም። እጅግ ክፉው መሐል ላይ ያለው ነው። አንድ ቀን ውጦ ሁለት ቀን ሲተው ገልባጩ ይጽፋል፣ ይገድፋል፤ በደም ውስጥ የቀረው መድኃኒት ደግሞ ጤነኛውን ቅጂ እየለቀመ የገደፈውን ይተውለታል። ኤፋቪሬንዝ ከተቋረጠም በኋላ ለብዙ ቀን በደም ውስጥ ይቆያል፤ ላሚቩዲን ቀድሞት ይወጣል። ስለዚህ በየመሐሉ ኤፋቪሬንዝ ያለ ላሚቩዲን የሚቀርባቸው ቀናት ነበሩ።

ሰውዬው ብዙ ቆይቶ አንድ ነገር ተናገረ። «ሲስተር፣ እኔ የሰው ሰሊጥ ላርም ስወርድ፣ የራሴ ጽሑፍ ሳይታረም ቀረ ማለት ነው።» ማረም ለአረምም ለፊደልም አንድ ቃል ነው። እያወቅኩት አስቤው አላውቅም ነበር።

ሌሎቹን ቫይረሶች በአጭሩ

ጥያቄው ስለሚመጣ ልጥቀስ። የእብድ ውሻ በሽታ፣ ጉንፋን መሰሉ ኢንፍሉዌንዛ፣ ፖሊዮም የአር ኤን ኤ ቫይረሶች ናቸው። እነሱ ወደ ዲ ኤን ኤ አይዞሩም። አር ኤን ኤን ከአር ኤን ኤ የሚቀዳ የራሳቸው ኢንዛይም አላቸው። እሱም በአብዛኛው አያርምም። ኮሮና ግን ይለያል። ወደ 30 ሺ የሚጠጋ ፊደል ስላለው የሚያርም ኢንዛይም ይዞ ይሄዳል። ያን ያህል ረጅም መጽሐፍ ያለ እርማት ቢገለበጥ ይበላሽ ነበር።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ቫይራል ሎድ የምንለካበት ማሽን የቫይረሱን አር ኤን ኤ የሚያነበው መጀመሪያ ወደ ዲ ኤን ኤ አስገልብጦ ነው። የሚያስገለብጠውም በዚያው በሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ዓይነት ኢንዛይም ነው። ሌባውን የምንይዘው በራሱ መሣሪያ ነው።

ምን አደረግን

ሦስተኛውን ቀጠሮ ሚስትየዋ ባለችበት አደረግን። እሱ እኔ ያልኩትን በራሱ አፍ ነገራት። እሷ ማታ ማታ ክኒኑን ስትወስድ እሱንም እንድትጠራው ተስማሙ። ኮንዶም መጠቀም እንዳይተዉም ነገርኳቸው። የእሱ ቫይረስ ግድፈት ካለበት ወደ እሷ ቢያልፍ የእሷም መድኃኒት ላይሠራ ይችላል።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አንድም ቀን አላጎደለም። በዚህ ላይ አልጠራጠርም። በግንቦት እንደገና ተለካ። ወደ 20 ሺ ገደማ ነበር።

ያ ቀን ከበደኝ። ሰውዬው ሁሉን አስተካክሎ ውጤቱ ግን አልተስተካከለም። ነገር ግን ውጤቱ ራሱ መልስ ነበር። ክኒኑ በየቀኑ እየተዋጠ ገልባጩ የሚጽፍ ከሆነ፣ ክኒኑ ገልባጩን መያዝ ትቷል ማለት ነው። በጤና ጣቢያችን የፊደሉን ግድፈት የሚያነብ ምርመራ አልነበረም። ውሳኔው በሁለቱ የቫይራል ሎድ ውጤቶች ነበር። ከሆስፒታል ሐኪም ጋር ተመካክረን በሰኔ ወደ ሁለተኛው መስመር፣ የመጀመሪያው መድኃኒት መሥራት ሲያቆም ወደሚሰጠው፣ ተዛወረ፤ ዚዶቩዲን፣ ላሚቩዲን፣ እና በሪቶናቪር የተደገፈ አታዛናቪር።

አታዛናቪር ገልባጩን አይነካም። ሌላ ኢንዛይም ነው የሚይዘው፤ ፕሮቲዬዝ ይባላል። ቫይረሱ ፕሮቲኖቹን እንደ አንድ ረጅም ቁራጭ አያይዞ ያወጣቸዋል። ፕሮቲዬዝ እየቆራረጠ በየቦታቸው እንዲገቡ ያደርጋል። ካልቆረጠ የሚወጣው ቫይረስ ጥሬ ነው፤ ሌላ ሕዋስ መያዝ አይችልም። ለሰውዬው «ጽሑፉ ተጽፏል፤ ብራናው ግን አልተቆረጠም፣ አልተጠረዘም» አልኩት። ወዲያው ገባው።

ላሚቩዲን ለምን እንደቀረ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የ184ቱ ግድፈት ያለበት ቫይረስ ላሚቩዲንን ያመልጣል፤ ግን ይደክማል፣ ለዚዶቩዲንም ይበልጥ ይጋለጣል። ላሚቩዲንን ስናቆየው ቫይረሱ ያን ድካሙን ይዞ እንዲኖር እናስገድደዋለን።

የሠራውና ያልሠራው

ማስረዳቱ ሠርቷል። ለሰውዬው ነውር የነበረው ነገር ወደ ሙያ ጥያቄ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ያመለጠውን ቀን ራሱ ይነግረኝ ጀመር። በካርዱ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም ነጥብ ያደርግበታል።

ማስረዳት ብቻውን ግን መተማ ላይ ያለውን ዳስ አልለወጠውም። የዝውውር ወረቀት ልንሰጠው አሰብን፤ እዚያ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ፈርቶ እምቢ አለ። የሠራው ሌላ ነው። በብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቅን። ክሽክሽታው ቆመ። አታዛናቪር ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ ከማታው ምግብ ጋር አገናኘነው፤ የጾም ቀን ቢሆንም ማታ መብላቱ አይቀርም። ሁለቱ ሌሎቹ ጠዋትም ማታም ናቸው። የጠዋቱን ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ጸሎቱን ሲያደርስ ይወስደዋል።

አንድ ጥፋት ግን የእኛው ነበር። አታዛናቪር የአንዳንዱን ሰው ዓይን ቢጫ ያደርጋል። ቢሊሩቢን የሚያስወግደውን ኢንዛይም ስለሚያዘገየው ነው እንጂ ጉበት ስለታመመ አይደለም። የጉበት ምርመራ አዘን፣ ደም ማነስ እንዳይመጣ ሄሞግሎቢን ለክተን፣ ይህን ሳንነግረው ላክነው። በሐምሌ መጀመሪያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» አለ። መድኃኒቱን አቁሞ ቅጠል ሊጠጣ ባለመድኃኒት ዘንድ ሄደ። አምስት ቀን ቆመ። ሚስቱ ናት እየሮጠች የመጣችው። «ሲስተር፣ እንደገና መገልበጥ ጀመረ!» ነበር ያለችኝ። በዚያው ቀን አስመጥተን መረመርነው። ጉበቱ ደህና ነበር። ክኒኑን ቀጠለ። የዓይኑ ቢጫነት ቀስ በቀስ ቀነሰ።

በዚያ ሐምሌ መተማ አልወረደም። በጥቅምት ወረደ፤ ሙሉ መድኃኒቱን ይዞ። በጥር 2011 ዓ.ም. የተለካው ቫይራል ሎድ «አልታየም» ይላል። ወረቀቱን አሳየሁት። በጣቱ ፊደል በፊደል አነበበው።

ሚስትየዋ በ2012 ዓ.ም. ዶሉቴግራቪር ወዳለበት ክኒን ተዛወረች። ዶሉቴግራቪር ደግሞ ሦስተኛውን ኢንዛይም፣ ኢንቴግሬዝን ይይዛል። የተገለበጠውን ጽሑፍ በእኛ መዝገብ ውስጥ የሚሰፋው ያ ነው።

ሌላ ቦታ ለሚሠሩ ባልደረቦቼ

«ተላመደ» ማለትን ትቻለሁ። «ያልታረመ ቅጂ ተርፏል» እላለሁ። ብራና የማያውቅ ሰው ቢሆንም ከደብተር ሲገለብጥ የተሳሳተ ተማሪ ያውቃል። ማስረዳት አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ እኔ ከዚያ በፊት ለተግሣጽ የማጠፋው ጊዜ ከዚያ ይበልጥ ነበር።

ልክ የሆነ የክኒን ቆጠራ ብዙም አያጽናናኝም። የት ያስቀምጡታል፣ ማን አጠገብ ይተኛሉ፣ ሲከፍቱት ማን ይሰማል ብዬ እጠይቃለሁ። ከጎጃም ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ይህን የምጠይቀው ከሐምሌ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ ቀጠሮ ነው። ከተመለሱ በኋላ መጠየቅ ይዘገያል፤ እስከዚያ ገልባጩ ብዙ ጽፏል።

ወደ አታዛናቪር ስቀይር ደግሞ መጀመሪያ የምነግረው ዓይን ቢጫ ሊሆን እንደሚችል ነው። ሚስት ወይም እናት አብራ ካለች ለእሷም እነግራለሁ። ቢጫውን ቀድማ የምታየው እሷ ናት።

በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ሰውዬው ለሦስት ወር የሚበቃውን መድኃኒት ሊወስድ መጣ። ፈርሞ ብልቃጦቹን ከያዘ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ ጥጥ እንድጨምርለት ጠየቀኝ። የሁሉንም ጠቅጥቄልዎታለሁ አልኩት። «ለእኔ አይደለም» አለ። «ባለፈው ጥቅምት ዳሱ ውስጥ የሌላ ሰው ብልቃጥ ክሽክሽ ሲል ሰምቻለሁ።»